ስለ ጓዳ ጥራጊና ስለ ጓሮ አትክልት

እበት ለአፈር ምግብ መሆኑን የማያውቅ የራያ ገበሬ የለም። ይሁን እንጂ ማገዶ በመጥፋቱ እበቱ ኩበት ሆኖ ከምድጃ ይገባል። ስለዚህ በቆቦና በአካባቢዋ ለጓሮ አትክልት የሚተርፈው የጓዳ ጥራጊ ነው፤ እርሱም በስብሶ ኮምፖስት ሲሆን አፈርን ያለማል። ነገር ግን ጥራጊ ሁሉ አንድ አይደለምና የሚበጀውን ከሚጎዳው ለይተን እንመልከት።

የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ እንዲሁም ከብት ያልጠጣው የጠላ አተላ ያለ ሥጋት ይጨመራሉ። እርጥብ ጥራጊ ብቻውን ስለሚከረፋ በየመሐሉ የጤፍ ገለባ ወይም የተከተፈ የማሽላ አገዳ ይነጠፍበታል። አገሩ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ ከክምር ይልቅ በጥላ ሥር የተቆፈረና የተከደነ ጉድጓድ ይሻላል። ጥራጊው ሲጨበጥ እጅን ያርጥብ እንጂ ውሃ አያንጠባጥብ።

የወጥ ትራፊ ጨውና ዘይት አለበት። በደጋ ዝናቡ ጨውን አጥቦ ይወስደዋል፤ በቆላችን ግን ዝናቡ ጥቂት፣ ትነቱ ብርቱ ስለሆነ ጨው ከአፈሩ ይከማቻል። አመድም እንዲሁ ነው፤ ኮምጣጣ ለሆነ የደጋ አፈር መድኃኒት ሲሆን፣ ኮምጣጣ ላልሆነው ለቆቦ አፈር ሲበዛ ይጎዳል። ስለዚህ ከጭብጥ አይለፍ።

ሥጋና አጥንት ውሻና ጅብ ይጠራሉ። የሰው፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር ፈጽሞ አይጨመርም፤ የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ቆይቶ በጥሬው ከሚበላ ቲማቲምና ሰላጣ ጋር ወደ ሆድ ይመለሳልና። ፌስታል አይበሰብስም፤ ያረጀ ባትሪም አፈሩን ይመርዛል።

ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው ግን ማሽላ ሲበጠር የሚወጣውን ግርድና አቧራ ነው። በውስጡ የአቀንጭራ ዘር ሊኖር ይችላል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆይና የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር ሲያገኝ ይነቃል። ብስባሽ ለቀናት 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ቢግል አብዛኛውን የአረም ዘር ይገድላል፤ ትንሹ የጓሮ ጉድጓድ ግን ይህን ያህል መጋሉ ያጠራጥራል። ሽንኩርቱን ባይነካው እንኳ ከጓሮ ወደ እርሻ ይሻገራል። ስለዚህ ግርዱ በእሳት ይቃጠል።

እንግዲህ ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ለእናቶቻችን ንግግር ከማብዛት ጉድጓዱን ራሳችን እንቆፍር። ስለ አፈሩ እነርሱ ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ፤ እኛ ልንጨምርላቸው የምንችለው ስለ ጨውና በዓይን ስለማይለየው ዘር የተማርነውን ነው።