በሐረግ ቆጠራ የሚዘለሉት

ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከጅማ ከተማ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የቅድመ አያቴን ታሪክ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ዛሬ የራሴን ቤተሰብ ስፈልግ የሄድኩበትን መንገድ አጫውታችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ «እ.ኤ.አ.» ያላልኩበት ሁሉ የእኛው አቆጣጠር ነው። ረዘም ይላልና ቡናችሁን አፍሉና አንብቡት።

እኛ ዘንድ ሐረግ የሚቆጠረው በአባት ነው። የአባቴ ወገኖች ጎማ ውስጥ የቡና ባለርስት ከነበረው ቅድመ አያቴ ተነሥተው ወደ ላይ አባት ከአባት ሳይሳሳቱ ይቆጥራሉ። ልጅ ሳለሁ እኔም በቃሌ ይዤው ነበር። በዚያ ቆጠራ ግን አንዲት ሴት የለችም፤ ከሌላ አገር ተወስዶ የመጣ ሰውም የለም። ፍለጋውን የጀመርኩት የቅድመ አያቴን ታሪክ ብዬ ነው። ልቤ የቀረው ግን ሚስቱ ዘንድ፣ ማለትም የአያቴ እናት ዘንድ ነው። ስለ እሷ በቤታችን የሚነገረው «ከጎጀብ ማዶ በልጅነቷ የመጣች ናት» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎጀብ ጅማን ከከፋ የሚለየው ወንዝ ነው።

መጀመሪያ ወደ መዝገብ ሳይሆን ወደ ሽማግሌ ሂዱ። ወረቀት ይቆያል፤ የሰማንያ ዓመት አክስት ግን አትቆይም። አገራችን ውስጥ አስገዳጅ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሁሉም ቦታ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጽ ነበረው፤ ነገር ግን ያው ሕግ ራሱ ለጊዜው እንዲቆይ ስላደረገው ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ስለዚህ የአያታችሁን የልደት ሰርተፍኬት አትፈልጉ፤ የለም። ያለው ዕድሜን በዘመን ምልክት መቁጠር ነው። ሽማግሌን «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም። «ጣሊያን ሲገባ እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋናዎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ክፉ ቀን (ታላቁ ረሃብ) ከ1880 እስከ 1884፣ የኅዳር በሽታ (የኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ) 1911፣ የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ሞት 1924/25፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933፣ የመሬት አዋጅ 1967። የአያቴ እህት የሆነችው አክስቴ «ጣሊያን ሲገባ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር» ስትለኝ 1921 ወይም 1922 አካባቢ መወለዷን አወቅሁ። የመጀመሪያው ወንድሟ ደግሞ በኅዳር በሽታ ጊዜ ጡት ይጠባ እንደነበር ከእናቷ ሰምታለች። እናታቸው፣ ያችው ከጎጀብ ማዶ የመጣችው ሴት፣ በ1911 ወጣት እናት ከነበረች፣ የተወለደችው ከ1880ዎቹ አጋማሽ እስከ 1890ዎቹ መጀመሪያ ባሉት ዓመታት ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ስም ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። በጊቤ አገሮች አንድ ትልቅ ሰው ከሕዝብ ዘንድ ይጠራ የነበረው በፈረሱ ስም ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር የተወለዱበት ስም ቱሉ ነው፤ የሊሙ እናርያው አባ ባጊቦም ኢብሳ ይባሉ ነበር። ንጉሥ ብቻ ሳይሆን ደህና ፈረስ ያለው የጎማ ባለርስትም እንዲሁ «አባ» እየተባለ በፈረሱ ይጠራ ነበር። በዚያ ላይ የእስልምና ስም አለ። የእኔ ቅድመ አያት ሦስት ስም ነበረው፤ ወረቀት ላይ የገባው የፈረሱ ስም ነው። ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ ኦሮምኛ የማይናገር ስለሆነ በሰማው መጠን ነው የጻፈው፤ የኦሮምኛው «ዸ» በብዙ መዝገብ «ደ» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ወደ መዝገብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉንም ስሞች ከነአጻጻፋቸው በደብተር ዘርዝሩ።

ከዚያ ወረቀት። ከጣሊያን በኋላ መንግሥት የመሬት ግብርን በ1934 እና በ1937 አዋጆች ሲያደራጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመደበ፤ ደረሰኝም ይሰጥ ጀመር። እነዚያ ደረሰኞች የግብር ከፋዩን ስም ከነአባቱ፣ ቀበሌውን፣ የመሬቱን ስፋትና ደረጃ ይዘዋል። ቡና ያበቀለ ቤት ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሊኖረው ይችላል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ብዙ ሰው «ባላባት ተብዬ እንዳልጠቆም» ብሎ ወረቀቱን አቃጠለ፣ አንዳንዱም ቀበረ። የእኛ ቤት ደረሰኞች የተረፉት ሴት አያቴ ከቆርቆሮ ሣጥን ሥር፣ ከልብስ ታች አጥፋ ስላኖረቻቸው ነው። እዚያ ላይ የወንድ አያቴ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱ የፈረስ ስም ተጽፏል።

የመንግሥት መዝገብ ስትፈልጉ «ጅማ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። በንጉሡ ዘመን አካባቢው ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ጊዜም ከፋ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ዋና ከተማው ጅማ ሆኖ ሳለ ፋይሉ ግን በከፋ ስም ነው የተከፈተው። ወመዘክርም (ብሔራዊው ቤተ መዛግብት) ስትሄዱ በዚሁ ስም ጠይቁ። ሌላም ልዩነት አለ። ጅማ በአባ ጅፋር ዘመን ለአፄ ምኒልክ እየገበረች የውስጥ አስተዳደሯን ስለያዘች በጎማ፣ በሊሙና በጌራ የገባው የገባር ሥርዓት እስከ 1924 ድረስ አልደረሰባትም። ስለዚህ ጅማ ውስጥ ያለ የጅሬን ሰው የድሮ ወረቀትና ጎማ ውስጥ ያለ የአጋሮ ሰው የድሮ ወረቀት አንድ ዓይነት አይሆንም፤ የአጋሮው ቀደም ብሎ መልከኛ (የመሬት ሹም) እና ቀላድ (የመሬት ልኬት) የሚሉ ነገሮች ይገቡበታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መዝገብ ደግሞ አለ፤ የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስለ ጅማ፣ ሊሙና ጎማ የተጻፉ ጽሑፎች አሉ። በመጨረሻ ገጻቸው መረጃ የሰጡ ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታና ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን ይዘረዘራል። የእናንተ አያት እዚያ ሊኖሩ ይችላሉ። ኸርበርት ሉዊስ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት ያሳተሙትን መጽሐፍና ተካልኝ ወልደ ማርያም በ1984 እ.ኤ.አ. በጅማ ስለነበረው የባሪያ ንግድ የሠሩትን ጥናት ሳታነቡ የአካባቢውን ቤተሰብ ታሪክ መረዳት ይከብዳል እላለሁ።

አሁን ወደ ሴቲቱ ልመለስ።

በቤታችን ከቅድመ አያቴ የቀረ አንድ ኪታብ አለ። ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በዐረብኛ የተጻፈ ነገር ነበር፤ ሁላችንም ዱዓ ይመስለን ነበር። አንድ ሼህ ወስጄ ሳስነብበው የውርስ ክፍፍል ሆኖ ተገኘ። ቅድመ አያቴ ሲሞት የተጻፈ ነው። የልጆቹ ስም ከነድርሻቸው ተዘርዝሯል። ከአራቱ ልጆች ጎን እናታቸው «ኡም ወለድ» ተብላለች። በእስልምና ሕግ ኡም ወለድ ማለት ለጌታዋ ልጅ የወለደች ባሪያ ናት። ከወለደች በኋላ አትሸጥም፤ እሱ ሲሞት ነፃ ትወጣለች፤ ልጆቿም ነፃ ናቸው፣ ከሌሎቹ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። አያቴ መሬት የወረሰው፣ በሐረግ ቆጠራ የገባውም በዚህ ሕግ ነው። እናቱ ግን በውርሱ ድርሻ የላትም፤ በቆጠራውም የለችም።

ያን ጊዜ ቁጥሩ ገጠመልኝ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በከፋ ላይ ዘምተው ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩት በመስከረም 1890 ነው። ከጅማ የአባ ጅፋር ጦርም በዘመቻው ነበረ፤ ጎጀብን ተሻግሮ የመጣው ምርኮኛ ብዙ ነው። ሂርማታ ደግሞ፣ ዛሬ ጅማ ከተማ የተመሠረተችበት ቦታ ማለት ነው፣ ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰው የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ነበር። የሴቲቱ ዕድሜ፣ «ከጎጀብ ማዶ» የሚለው የቤታችን ቃልና ኪታቡ አንድ ላይ ሲቆሙ፣ በዚያ ዘመቻ ወይም በተከተሉት ዓመታት የተወሰደች የከፋ ልጅ ናት ብዬ አምናለሁ።

የገረመኝና ያሳዘነኝ ነገር ይህ ነው። ከዚሁ ምድር ተሸጠው ወደ ባሕር የተወሰዱት ልጆች እዚህ ከቀሩት ይልቅ ብዙ ወረቀት አላቸው። አስቴር ጋኖን ተመልከቱ። ነፃ ሆና ተወልዳ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙትና ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመመለስ ሥራ ያገለገለች፣ በኋላም ወለጋ ሄዳ ያስተማረች ትልቅ ሴት ናት። ሕይወቷን የምናውቀው ሚሲዮኑ ስለጻፈ ነው።

ከዚያም የሎቭዴል ልጆች አሉ። በመስከረም 1888 እ.ኤ.አ. ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ የባሪያ ጀልባዎች ያዘች። ከባርነት ከተለቀቁ የኦሮሞ ልጆች 64ቱ በዓደን አጠገብ ሼህ ዑስማን ባለው የስኮትላንድ ሚሲዮን ከቆዩ በኋላ በ1890 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ሎቭዴል ተወሰዱ። እያንዳንዱ ልጅም ተጠየቀ፦ አባትህ ማን ነው? እናትህስ? ከየት ተወሰድክ? ማን ሸጠህ፣ ለማን? መልሱ ተጻፈ። ሳንድራ ሼል የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ያን መዝገብ መሠረት አድርገው የልጆቹን ሕይወት ተከታትለው በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጡ። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት፤ አስተማሪ ሆና ክራዶክ ኖረች። በአፓርታይድ ዘመን ሮበን ደሴት ላይ አሥር ዓመት የታሰሩት የቋንቋ ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ናቸው። አንድ ደቡብ አፍሪካዊ የአያቱን እናት ስም፣ የአያቱን አባት ስም ከወረቀት ማንበብ ይችላል። የእኔን ቅድመ አያት ግን አባትሽ ማን ነው ብሎ ጠይቆ የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሽማግሌ ስትጠይቁ የሴቶቹን ወገን ለይታችሁ ጠይቁ። «የአያቴ እናት አባት ማን ይባል ነበር?» ብላችሁ ዝምታ ካገኛችሁ፣ ዝምታውን እንደ መረጃ ያዙት። ጉዲፈቻና ሞጋሳም አትርሱ፤ በኦሮሞ ሥርዓት በጉዲፈቻ የገባ ልጅ፣ በሞጋሳ የገባ ወገን የተቀበለውን ጎሳ አባቶች እንደ ራሱ ይቆጥራል። በቆጠራው ውሸት የለም፤ ያ ሰው በሕጉ ልጅ ሆኗል። የተነሣበትን ቤት ማወቅ ለሚፈልግ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀረዋል። ልማዳችን የመጣውን ሁሉ የማሳደር ደግነት እንዳለው ሁሉ፣ የመጣበትን የማስረሳት ኃይልም አለው።

ጥንቃቄም አለ። ባርነት በሕግ በ1916 መገደብ ጀምሮ በ1934 ፈጽሞ ተከለከለ፤ በጋብቻ ጊዜ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም በየቀዬው አለ። የአባቴን ወንድሞች ሳላስፈቅድ ይህን አልጻፍኩም፤ የዚያችንም ሴት ስም ያልጻፍኩት ከመካከላቸው እሺ ያላለ ስላለ ነው። የጎረቤታችሁን ሐረግ አትዘርግፉ። የራሳችሁን ግን፣ የባሪያ ልጅም ሁኑ የባሪያ ጌታ ልጅ፣ እንደ እኔም የሁለቱም ልጆች ሁኑ፣ አትሽሹት። ቅድመ አያቴን እወደዋለሁ፤ ያቺን ልጅ የገዛት እሱ መሆኑንም እናገራለሁ።

አሁን የቀረኝ ጎጀብን ተሻግሬ መጠየቅ ነው። ከቦንጋ፣ ከጊምቦና ከዴቻ ያላችሁ፣ በቤተሰባችሁ «በዘመቻው ጊዜ ተወስዳ ቀረች» ተብላ የምትነሣ ሴት ልጅ ካለች፣ የጎሳዋን ስምና በቤታችሁ የሚነገረውን በግል መልእክት ጻፉልኝ። የእኔ ባትሆንም ከጅማና ከአጋሮ እናቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለና አገናኛችኋለሁ።