ጋምቢያ፦ ትንሽ አገር፣ ብዙ ወፍ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋም እንዳይታደን መከልከላቸውን በደርስ ተምረናል። ዛሬ ጥብቅ ደን ከምንለው ጋር ይቀራረባል።

አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ጋምቢያ ከአፍሪካ ዋና ምድር አገሮች ሁሉ በስፋት ታንሳለች፤ ሆኖም ከ500 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይገኙባታል። ፕሬዚዳንት ዳውዳ ጃዋራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ በ1977 (እ.ኤ.አ.) በባንጁል መግለጫቸው የዱር እንስሳት እየጠፉ መሆናቸውን አስጠነቀቁ። አቡኮ ግን ቀድሞ በ1968 ተከልሏል፤ ስፋቱ 100 ሄክታር ገደማ ብቻ!

እኛን ይበልጥ የደነቀን የጋምቢያ ወንዝ ፓርክ ነው። ቺምፓንዚ ከአገሪቱ ጠፍቶ ነበር፤ ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተነጠቁት በወንዙ ደሴቶች ተለቀቁ፣ ተዋለዱም። ጎብኚ ከጀልባ ሆኖ ያያል እንጂ ደሴቱን አይረግጥም፤ የሰው በሽታ ይተላለፍባቸዋልና።