ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ጄሎችና በግብረ ሥጋ የሚተላለፉ ቫይረሶች

ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ማለስለሻ ወይም ለወሊድ መከላከያ ተብለው በፋርማሲ ስለሚሸጡት ጄሎች መነጋገር በብዙዎቻችን ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ነገሩ ጤናን የሚነካ ስለ ሆነ ሳናፍር ለማስረዳት እንሞክራለን።

ኖኖክሲኖል 9 የተባለው የወንድ ዘር መግደያ ጠባዩ የሳሙና ነው። ኤች አይ ቪ በቀጭን የስብ ሽፋን የተጠቀለለ ስለ ሆነ፥ ሳሙና ቅቤን ከእጅ እንደሚያለቅቅ ሁሉ ይህም ሽፋኑን ያፈርሰዋል። ቫይረሱ በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ሲሞት ያዩ ሊቃውንት፥ ሴቶች በገዛ እጃቸው የሚይዙት መከላከያ ተገኘ ብለው ተስፋ ቢያደርጉ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ሳሙናው የቫይረሱን ስብ ከሰው ሕዋስ ስብ ለይቶ አያውቅም። በቤኒን፥ በኮት ዲቯር፥ በደቡብ አፍሪካና በታይላንድ ሴተኛ አዳሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ጄሉ ተፈተነ። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ ኖኖክሲኖል ካለበት ጄል ተጠቃሚዎች 59፥ ከሌለበት ደግሞ 45 ሴቶች በቫይረሱ ተይዘዋል። ይበልጥ የተጐዱት ጄሉን በቀን አዘውትረው የተጠቀሙት ናቸው፤ የብልታቸው ስስ ገጽ ቈስሎ ለቫይረሱ መግቢያ ሆኗልና። ለዚህ ዕውቀት ዋጋ የከፈሉት እነዚያ ሴቶች መሆናቸውን ቍጥሩን ስናነብ መርሳት አይገባንም።

ተራው ማለስለሻስ? ግሊሰሪን የበዛበት ጄል፥ ጨው የቋንጣውን ውኃ እንደሚስብ፥ የሕዋሶችን ውኃ ይስባል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. የጄሉ ኦስሞላሊቲ በኪሎግራም ከ1200 ሚሊኦስሞል እንዳይበልጥ፥ ቢቻል ከ380 በታች እንዲሆን መክሯል። እንዲህ ያሉ ነገሮች አይጦችን ለሄርፒስ ይበልጥ እንዳጋለጡ ታይቷል፤ የአይጥ ውጤት ግን ለሰው ማስረጃ አይሆንም። በአንጻሩ፥ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ኮንዶም እንዳይቀደድ ይረዳል፤ ቫዝሊንና ዘይት ግን የላቴክስ ኮንዶምን ያደክማሉ።

የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የስብ ሽፋን ስለሌለው ሳሙናው አይነካውም። በ2007 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር ኖኖክሲኖል 9 ለዚህ ቫይረስ መንገድ ሲከፍት፥ ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣው ካራጊናን ግን ዘግቶበታል። ይኸው ካራጊናን በደቡብ አፍሪካ ከ6000 በሚበልጡ ሴቶች ለኤች አይ ቪ ተፈትኖ፥ በ2008 እ.ኤ.አ. እንደ ተገለጠው፥ ጉዳትም ጥቅምም ሳያሳይ ቀርቷል።