ውሃን በምግብ ውስጥ መፈለግ፦ የበቀቀን ኑሮ በሸዋሮቢት ሙቀት

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ሹራቡን የሚያወልቀው ገና ከተማዋ ሳይደርስ ነው። ለመሆኑ በይፋት ቆላ፣ በሽቦ ጎጆ ውስጥ የምትኖር በቀቀን ምን ታደርጋለች? ላባዋን ማውለቅ አትችልም፤ አእዋፍ የላብ ዕጢ ስለሌላቸውም አያልባትም።

ሙቀት ሲበዛባት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ውሃም ከመተንፈሻ አካሏና ከቆዳዋ ይተናል። 1 ግራም ውሃ በወፍ የሰውነት ሙቀት፣ ማለትም በ41 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ሲተን 2400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይወጣል። 100 ግራም የምትመዝን ወፍ በ1 ዲግሪ ለመቀዝቀዝ 350 ጁል ያህል ማስወጣት አለባት ብንል፣ አንዲት ግራም ውሃ 7 ዲግሪ ከሚጠጋ የሙቀት መጨመር ታድናታለች። እንግዲህ ውሃ ለእርሷ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣም ነው።

ይህን ውሃ ከሦስት ምንጮች ታገኛለች። እነርሱም የምትጠጣው፣ በምግቧ ውስጥ ያለው፣ ምግቡም በሰውነቷ ሲቃጠል የሚፈጠረው ናቸው። 1 ግራም ስታርች ሲቃጠል 0.56 ግራም ያህል ውሃ ይሰጣል፤ ይህ ግን ብቻውን የቆላን ሙቀት አያስችልም።

ስለዚህ ምግቡን እንመርምር። ለምሳሌ በአካባቢው የሚመረተውን ማሾ እንውሰድ። 10 ግራም ደረቅ ማሾ 1 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ ቀሪው 9 ግራም ደረቅ አካል ነው። ተነክሮ እርጥበቱ 50 በመቶ ሲደርስ ውሃውም 9 ግራም ይሆናል። ምግቡ ሳይጨምር ውሃው ዘጠኝ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ፓፓያማ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። አቮካዶ ግን ለበቀቀን መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይሰጥም።

ሆኖም ወፊቱን የሚጠቅመው እርጥበት ሻጋታንና ባክቴሪያንም ያለመልማል። ስለሆነም የተነከረው እህል በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ከቀረበ በኋላም አንድ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ ይነሳ። ርጥብ ምግብ የመጠጥ ውሃን አይተካምና ንጹሕ ውሃ ከጎጆው አይታጣ፤ ጎጆውም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጥ።

በዱር ያለች በቀቀን ስትጠማ ወደ ወንዝ፣ ሲርባት ወደ ሾላ ትበራለች። ስለዚህ የዱሮቹን ከማጥመድ እንቆጠብ። በጎጆ ያለችው ግን ወንዟም ሾላዋም እኛው መሆናችንን አንርሳ።