ጊታርም እንደ በሬ ይመረመራል

በሰሃላም ሆነ በሰቈጣ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ መልኩን ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጀርባውን ይዳብሳል፤ ጥቂት አስኪዶ አረማመዱን ይመለከታል። ሻጩ ምንም ያህል ቢያሞግስለት፣ በመጨረሻ የሚያምነው ዐይኑንና እጁን ነው። የዚሁ ገበሬ ልጅ ግን ተምሮ ደመወዝተኛ ከሆነ በኋላ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ የሚያየው ቀለሙንና በዐናቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። የብዙ ወር ቁጠባ የሚከፈልበት ዕቃ በእንዲህ ያለ ችኰላ መገዛት የለበትም። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የአባትዎን ጥበብ ወደ ጊታር ገበያ ይዘው ይሂዱ።

የኤሌክትሪክ ጊታር ለአገራችን ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ሰላም ሥዩም ወልደ ማርያም በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ ሲጫወት፣ የአገራችን ቅኝት ከዚህ መሣሪያ ጋር እንዴት እንደሚስማማ አሰምቶናል። የሚያስቸግረው በገበያው ላይ መልካሙን ከመጥፎው መለየቱ ነው።

ሌስ ፖል የተባለው የጊብሰን ጊታር የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952፣ ስትራቶካስተር የተባለው የፌንደር ጊታር ደግሞ በ1954 ነው። ሙዚቀኞች የጥንቶቹን አጥብቀው ስለ ፈለጉ ዋጋቸው ናረ። ፌንደርም በ1982 የ1957ንና የ1962ን ጊታሮች መልክ ተከትሎ እንደገና መሥራት ጀመረ። ዛሬ የጥንቱን መልክ የያዙ ጊታሮች በአሜሪካ፣ በጃፓን፣ በሜክሲኮ፣ በኢንዶኔዢያና በቻይና ይሠራሉ። እንግዲህ መልኩ አንድ ሲሆን እንጨቱ፣ ብረቱና የሠራው እጅ ልዩ ልዩ ነው። ሻጩ «የ1957 ነው» ቢልዎ፣ ዓመቱ የተመሰለውን እንጂ የተሠራበትን ዘመን ላያመለክት ይችላል። አንዳንዱም ገና ከፋብሪካው ሲወጣ ሆን ተብሎ የተፋቀ ስለ ሆነ፣ መፋቁ የዕድሜ ምስክር አይሆንም።

አስቀድመው አንገቱን ይመርምሩ። ከዐናቱ በኩል አንድ ዐይንዎን ጨፍነው በርዝመቱ ይመልከቱ። በጣም ጥቂት ወደ ክሮቹ መጕበጡ ደንብ ነው፤ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ ግን ይተዉት። ቀጥሎ አንዱን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ አንድነት ይጫኑት፤ ፍሬት የምንለው በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከለውን ቀጭን ብረት ነው። በመካከል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ወፍራም ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ቢገኝ መልካም ነው። በአንገቱ ውስጥ ጉብጠቱን የሚያስተካክል የብረት ዘንግ አለ። የ1957ን ስትራቶካስተር በትክክል በሚከተሉት ላይ የዘንጉ መፍቻ በአንገቱ ሥር ስለ ሆነ፣ ለማስተካከል አንገቱን መፍታት ያስፈልጋል። የጥንቱን ሲመስሉ ችግሩንም አብረው ወርሰዋል።

ከዚያ ወደ መጋጠሚያው ይሂዱ። የስትራቶካስተር አንገት ከገላው ጋር በአራት ብሎን ይታሰራል፤ በቀስታ ሲገፉት የሚነቃነቅ ከሆነ ሥራው የላላ ነው። የሌስ ፖል አንገት በሙጫ የተጣበቀ ሲሆን ዐናቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል፣ ሲወድቅ አንገቱና ዐናቱ ከሚገናኙበት ላይ ይሰበራል። ያን ቦታ ከጀርባው በብርሃን ይዩት። ደኅና ተጠግኖ ከሆነ ያገለግላል፤ ዋጋው ግን መቀነስ አለበት። በቀለሙ ላይ ብቻ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ከእንጨቱ ስንጥቅ ጋር አይምታታብዎ።

ፍሬቶቹን በጣትዎ ይዳብሱ። ሰሃላን በመሰለ ደረቅ አገር እንጨት እርጥበቱን ሲያጣ ይኰማተራል፤ ብረቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ብሎ እጅ ይቧጭራል። ይህ በሞረድ ይስተካከላል። ከክሮቹ ሥር ጠልቆ የተቦረቦረ ፍሬት ግን መለወጥ አለበት፤ እሱም ከባድ ወጪ ነው።

ቀጥሎ ጆሮዎን ይጠቀሙ። እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ ይምቱ፤ የሚነዝር ወይም ድምፁ የሚሞት ካለ ይመዝግቡት። በ12ኛው ፍሬት ላይ የተጫነው ክር ከባዶው ክር አንድ እርከን ከፍ ብሎ ያንኑ ድምፅ መስጠት አለበት፤ ከተዛባ ድልድዩ መስተካከል ያሻዋል።

በመጨረሻም ከድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኙት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያዙሩ። መንጫጫት ብዙ ጊዜ ከአቧራ ስለሚመጣ በቀላሉ ይጸዳል፤ ድምፅ ጨርሶ የማይሰጥ ከሆነ ግን ማግኔቱ ወይም ሽቦው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የጥንቱ ስትራቶካስተር ማዞሪያ ሦስት ማቆሚያ ብቻ ስለ ነበረው፣ ዳግም በተሠራው ላይ ሦስት ቢያገኙ ጉድለት አይምሰልዎ።

ያገኙትን ጉድለት ሁሉ በወረቀት ጽፈው የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀንሱ። በከተማ ለሚኖር ሰው ትንሽ የሆነው ብልሽት፣ ጠጋኝ ፍለጋ ሩቅ መንገድ ለሚሄድ የሰሃላ መምህር ወይም ጸሓፊ የመሳፈሪያና የማደሪያ ዕዳ ይጨምርበታል። ሻጩ «መብራት የለም፣ በኋላ ትሰማዋለህ» ቢልዎ፣ ገንዘብዎን በኪስዎ ይዘው መብራቱ እስኪመጣ ይጠብቁ። ጥሩ ጊታር ቢመረመር የሚያጣው ነገር የለም።