መስመሩ ከመውጫው ይጀምራል

ለውድድር ትራክ አዲስ የሆነ የሞተር ነጂ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ፍሬን የት ጋ ልያዝ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከፍርሃት የሚመጣ ስለሆነ አይገርመኝም፤ መልሱን ግን ወዲያው አልሰጥም። «ከመታጠፊያው ስትወጣ የት መሆን ነው የምትፈልገው?» ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ስለ መግቢያው ሌሊቱን ሲጨነቅ ያደረ ሰው ስለ መውጫው አንዴም አላሰበም።

የምሠራው ካሊፎርኒያ ነው። ሰዎች የየራሳቸውን ሞተር ይዘው መጥተው፣ ከፍለው፣ በተዘጋ ትራክ ላይ ቀኑን ሙሉ በሚለማመዱባቸው ቀናት አሠለጥናለሁ። ለማስተማር ከሁሉም የምወደው ሞንተሬይ አጠገብ ያለውን ላጉና ሴካን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተከፈተ፣ 3.6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 11 መታጠፊያዎች ያሉት የኮረብታ ትራክ ነው። ከብዙዎቹ ታላላቅ ትራኮች ያጥራል፤ ነገር ግን ዳገቱና ቁልቁለቱ የተሳሳተ መስመርን ሳያጋልጥ አያልፍም።

የመስመር ጉዳይ ሲጀመር ሒሳብ ነው። አንድ ሞተር 45 ዲግሪ አዘንብሎ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲዞር፣ የጎማውን ውፍረት ትተን ብናሰላው፣ የሚዞርበት ክብ ሬዲየስ 79 ሜትር ግድም ይሆናል። ማዘንበሉ ሳይጨምር ክቡ ወደ 95 ሜትር ቢሰፋለት 110 መሄድ ይችላል። ጎማው ያው ነው፣ የነጂው ድፍረትም ያው ነው፤ ትርፏ 10 ኪሎ ሜትር የተገኘችው ከአስፋልቱ ስፋት ነው። ከውጭ ጠርዝ ተነስቶ፣ የውስጡን ጠርዝ ተጠግቶ፣ እንደገና ወደ ውጭ መውጣት የሚባለው ትምህርት ከዚህ ይመጣል። የውስጡን ጠርዝ እጅግ የምንጠጋበትን ነጥብ አፔክስ እንለዋለን።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የሚቻለውን ሰፊ ቅስት ስሎ፣ አፔክሱን መታጠፊያው መሀል ላይ አድርጎ፣ መስመሩን ያገኘ ይመስለዋል። ቅስቱ ግን ነዳጅ የሚሰጥበትን ጊዜ ያዘገይበታል። ጎማ መሬቱን የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው፤ ለመታጠፍ የዋለው ለመፍጠን አይተርፍም። ስለዚህ እኔ የማስተምረው አፔክሱን ማዘግየትን ነው። ትንሽ ቆይቶ መታጠፍ፣ ትልቁን የአቅጣጫ ለውጥ ፍጥነቱ ዝቅ ባለበት ቦታ መጨረስ፣ ከዚያ ሞተሩን ቶሎ ቀና አድርጎ ነዳጅ መስጠት። መታጠፊያው ውስጥ ትንሽ ቀስ ብሎ የገባ ሰው ቀደም ብሎ ነዳጅ ከሰጠ፣ ያገኛትን ፍጥነት ቀጥታው መንገድ እስኪያልቅ ይዟት ይሄዳል። በላጉና ሴካ ይህ በግልጽ የሚታየው 11ኛው ላይ ነው። ጠባብና ቀርፋፋ የግራ መታጠፊያ ነው፤ ከሱ የሚወጣው ግን ወደ መነሻና መድረሻው ቀጥታ መንገድ ነው። እዚያ የጎበዝ ነጂ አገባብ ሲያዩት ደስ አይልም።

ጀማሪ በተቃራኒው ቀድሞ ይታጠፋል። ከውጭ ጠርዝ ባሻገር ያለው ጠጠር ስለሚያስፈራው ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ሲሸሽም ደህና ይመስለዋል። ችግሩ የሚመጣው ከአፔክሱ በኋላ ነው። መታጠፊያው ገና ግማሽ እያለ ሞተሩ ወደ ውጭ ማምራት ይጀምራል፣ አስፋልቱ ያልቃል፣ ነዳጅ መስጠት ሲገባው ፍሬን ይይዛል። ከፊቱ የሸሸውን ጠጠር ከጎኑ ያገኘዋል።

መስመር በአንድ መታጠፊያ ብቻ አይፈረድም። የላጉና ሴካ 2ኛው መታጠፊያ፣ በመኪና ተወዳዳሪው በማሪዮ አንድሬቲ ስም የሚጠራው፣ ሁለት አፔክስ ያለው የግራ ዙር ነው። ሁለተኛውን አፔክስ ቀድሞ የነካ ሰው ሲወጣ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይገፋል። ቀጣዩ 3ኛው ደግሞ ወደ ቀኝ ነው፤ ለሱ ከግራ በኩል መነሳት ያስፈልጋል። ተማሪው 3ኛው አስቸገረኝ እያለ ይመጣል፤ እኔ 2ኛውን አስተካክልለታለሁ።

ሁሉም የሚጓጓው ለኮርክስክሩ ነው፤ 8ኛውና 8ኤ ለሚባሉት። ረጅም ዳገት ወጥተህ፣ ፍሬን ይዘህ፣ ወደ ግራ ስትታጠፍ ከፊትህ መሬት የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው። ወዲያው ወደ ቀኝ ታጥፈህ ወደ 18 ሜትር ቁልቁል ትወርዳለህ፤ ከአምስት ፎቅ ሕንፃ የማያንስ ከፍታ ነው። መውጫው ከመግቢያው አይታይም። ታዲያ የማይታይ መውጫን እንዴት አስቀድሞ መምረጥ ይቻላል? ከአድማሱ በላይ ብቅ የሚሉትን ዛፎች ምልክት በማድረግ። አይን ዛፉ ላይ ሲያርፍ እጅም ወደዚያው ይመራል። አይኑን ከፊት ጎማው ስር ካለው አስፋልት ያላነሳ ሰው ግን ቁልቁለቱ ባፋፉ ላይ ድንገት ይከፈትበታል፤ እጁ ይደርቃል፣ ትንፋሹን ይይዛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰከንድ 28 ሜትር ያልፋል፤ ወደ ቅርብ መመልከት የትም አያደርስም።

እዚያ የማስተምረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው በግራው ላይ መታገስ ነው። ቀድሞ የታጠፈ ሰው ወደ ቀኝ ይሰፋና 8ኤን ከማይመች ጎን ይጀምራል። ሁለተኛው የፍሬኑን ሥራ አፋፉ ሳይደርስ መጨረስ ነው። መሬቱ ከስር ሲሸሽ ሞተሩ ይቀላል፣ ጎማው መሬት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ እዚያ ላይ የፊት ፍሬንን ጨምቆ መያዝ የፊት ጎማውን ማጣት ነው። ታች ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ መሬቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ጎማው ይጨመቃል፣ አቅሙም ይመለሳል። ይህን በሰውነቱ ያወቀ ሰው ወደ 9ኛው፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1992 በተከታታይ የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን በነበረው በዌይን ሬይኒ ስም ወደሚጠራው የግራ ዙር፣ ተረጋግቶ ይወርዳል።

ወጣቶቹ ግን የሚጠቅሱልኝ የሞተር ተወዳዳሪውን ቫለንቲኖ ሮሲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ተፎካካሪውን ኬሲ ስቶነርን ኮርክስክሩ ላይ ሲያልፈው ጎማው ከአስፋልቱ ወጥቶ አፈር ረግጦ ነበር። በ2013 ማርክ ማርኬዝ በተራው ሮሲን እዚያው፣ በዚያው መንገድ አለፈው። ሁለቱም በየውድድራቸው አሸነፉ። ደስ የሚል ፊልም ነው፤ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ያ መስመር አይደለም፣ ጠብ ነው። ሮሲ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እዚያ አይሄድም ነበር። ተፎካካሪን ለመዝጋት የሚመረጥ መንገድ አለ፣ ለፈጣን ሰዓት የሚመረጥ መንገድ አለ፤ ጀማሪ ሁለተኛውን ሳያውቅ የመጀመሪያውን ከስልክ ላይ ሲማር አልወድም።

ሌላው የማልወደው መከተል ነው። ከሳን ሆዜ የሚመጣ አንድ የአገሬ ልጅ «ጋሼ፣ አንተ ቅደምና ልከተልህ፤ መስመሩን በዚያው እይዘዋለሁ» አለኝ። ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች፣ መታጠፊያዎቹ ወደየት እንደሚሄዱ እስኪያውቅ፣ እሺ አልኩት። ከዚያ በኋላ እሱን አስቀድሜ እኔ ከኋላ ሆንኩ። የሚከተል ሰው የሚያየው ትራኩን ሳይሆን የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው፤ ያ ሰው ሲስት አብሮ ይስታል። የፊተኛው ሞተር የተለየ ከሆነማ ጭራሽ አይሠራም። 1000 ሲሲ ሞተር ኃይሉ ብዙ ስለሆነ ገብቶ፣ ቶሎ ዞሮ፣ ቀና ብሎ መተኮስ ያዋጣዋል፤ መስመሩ ወደ ቪ ቅርጽ ይጠጋል። 400 ሲሲ ይዞ እንዲህ ማድረግ ኪሳራ ነው። ትንሽ ሞተር ያጣውን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ፍጥነቱን ይዞ በሰፊ ቅስት መዞር አለበት። ስለዚህ በአንድ ትራክ ላይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ትክክለኛ መስመር አለ የሚል አሠልጣኝ ቢገጥማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ልጁን በምሳ ሰዓት ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁት። «ትራኩን ሳልልኝ። ፍሬን የምትይዝበትን፣ የምትታጠፍበትን፣ አፔክሱን፣ የምትወጣበትን፣ በየቦታው የምታየውን ምልክት ጭምር።» ይህን ለሁሉም ተማሪ አደርገዋለሁ፤ ለእኔ ከማንኛውም የሰዓት መለኪያ ይበልጣል። የስዕል ችሎታ አያስፈልግም። ሰው በደንብ የሚያውቀውን መታጠፊያ በዝርዝር ይስለዋል። እዚህ ጋ አስፋልቱ ተለጥፏል፣ እዚህ ጋ የጠርዙ ቀለም ተልጧል፣ እዚያ የትራክ ሠራተኛ ይቆማል ይላል። የማያውቀውን ደግሞ በአንድ ጠማማ ጭረት ያልፈዋል። የእሱ ወረቀት ላይ 5ኛውና 6ኛው አንድ ላይ ተቀላቅለው ነበር። 6ኛው ወደ ረጅሙ ዳገት የሚያስገባ መታጠፊያ ነው፤ እዚያ ነዳጅ ዘግይቶ የሰጠ ሰው ኮርክስክሩ ድረስ ዕዳውን ሲከፍል ይሄዳል። እሱ ሲያማርርበት የነበረው የሞተሩን ኃይል ማነስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለ6ኛው ብቻ ምልክት እየፈለገ፣ በቀስታ ደጋገመው። በቀስታ የምለው አውቄ ነው። የሰው ትኩረት የተወሰነ ነው፤ ፍጥነቱ ራሱ ሙሉ በሙሉ ከወሰደው ለመስመር የሚተርፍ የለውም። በየዙሩ ያንኑ የአስፋልት ልጣፊ መርገጥ ያልቻለ ሰው የያዘው መስመር ሳይሆን ዕድል ነው። መርገጥ ሲችል ሳልነግረው ይፈጥናል።

አንድ ነገር ግን ከትራክ ውጭ ለምትነዱ ልናገር፤ በተለይ እረፍት ሲደርስ አገር ቤት ገብታችሁ ሞተር ተከራይታችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን፣ ወደ ዓባይ በረሃ ለምትወርዱ። ወደ ሩቅ ማየትንና ዘግይቶ መታጠፍን ይዛችሁ ሂዱ፤ ይጠቅማችኋል። የመንገዱን ሙሉ ስፋት መጠቀምን ግን እዚሁ ተዉት። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ በግራ መታጠፊያ ላይ የውስጡ ጠርዝ የመሀል መስመሩ ነው። ሞተሩ ወደ ግራ ሲያዘነብል ጎማው በራሱ ረድፍ ውስጥ ሆኖ የነጂው ራስ ከመሀል መስመሩ አልፎ ሊንጠለጠል ይችላል፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ የጭነት መኪና እየመጣ ይሆናል። በግራ መታጠፊያዎች ላይ ከመሀል መስመሩ ራቁ፤ ጎማችሁን ብቻ ሳይሆን ሄልሜታችሁንም በራሳችሁ ረድፍ ውስጥ አቆዩት።