ቁጣ ምርት አይጨምርም

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣቶችን፣ በተለይም ከሲዳማ ገጠር የመጡ ሴቶችን፣ ከስፌት መኪና ፊት አስቀምጧል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት ግን ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ ይተኩ እንደነበር ገልጸዋል። የወር መነሻ ደመወዙ 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከእስያ የመጡ አለቆችና ሠራተኞቹም በቋንቋም በባህልም አይግባቡም ነበር።

ስሜትን የማወቅና የመግራት ብልህነት ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳብራሩት፣ ይህ የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ በዚያው መመራት ነው። ስፌቷ ተጣሞ የተመለሰባት ልጅ በሰው ፊት ከተጮኸባት እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስህተቱም ይደገማል። አለቃዋ ጠጋ ብሎ «ምን አስቸገረሽ?» ካላት ግን መርፌው መደነዙን ሊደርስበት ይችላል። ክህሎቱም በትምህርት ይዳብራል፤ በህንድ ባንጋሎር በልብስ ፋብሪካዎች የተካሄደ ጥናት ስለ መግባባትና ችግር አፈታት የሠለጠኑ ሴቶች ምርታማነታቸው መጨመሩን፣ ትርፉም ከሥልጠናው ወጪ እጅግ መብለጡን አሳይቷል።

«የራበው ሰው ፈገግታ አይበላም» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው፤ መልካም አነጋገር የደመወዝ ምትክ አይሆንም፣ ሠራተኛዋን «ቻይው» ለማለትም መዋል የለበትም። ስለዚህ ሥልጠናው ከአለቃው ይጀምር፤ ቅሬታ ሰምቶ ወደ ላይ የሚያደርስ አለቃ የደመወዝን ጥያቄም ሠራተኛው ጥሎ ከመሄዱ በፊት ያሰማል።